ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ለማን ነው?



አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ በጎ የሠራ ሰው ከሞተ በኋላም ሲታሰብ እንደሚኖር መናገራቸው ነው። መገናኛ ብዙኃን ይህን ክብር ለነፍሰ ገዳይ ሲሰጡትስ?

ተማሪዎቼን «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ እጆች ይነሣሉ። «ከተገደሉት ሴቶች የአንዷን ስም ንገሩኝ» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1888 በለንደን፣ በዋይትቻፕልና በአካባቢው፣ ድሆች ሴቶች በተከታታይ ተገደሉ። የጋዜጣ ቀረጥ በ1855 በመነሣቱ የጋዜጣ ዋጋ ረክሶ፣ አንባቢው በዝቶ፣ የአሳታሚዎች ፉክክር በርትቶ ነበር። ገዳዩ ግን አልተያዘም፤ ለየዕለቱ እትም የሚበቃ አዲስ መረጃም አልነበረም። በሴፕቴምበር መጨረሻ ለአንድ የዜና ወኪል በቀይ ቀለም የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰ፤ «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ደብዳቤ ፊርማ ነው። ጋዜጦች ተቀባበሉት። በወቅቱ ከፍተኛ የፖሊስ ሹም የነበሩት ሰር ሮበርት አንደርሰን በ1910 ባሳተሙት ማስታወሻቸው ደብዳቤው የአንድ ጋዜጠኛ ፈጠራ እንደሆነ ጽፈዋል።

ስሙ ያስከተለውን ለውጥ ልብ እንበል። ግድያዎቹ ስም ያለው አንድ ባለታሪክ አገኙ፤ አንባቢውም ቀጣዩን ምዕራፍ እንደሚጠብቅ ሰው ጋዜጣ ይገዛ ጀመር። ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀው ሰው ዝነኛ ሲሆን፣ ማንነታቸው የታወቀው ሜሪ አን ኒኮልስ፣ አኒ ቻፕማን፣ ኤልዛቤት ስትራይድ፣ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ ተረሱ።

ወንጀል አይዘገብ ማለቴ አይደለም፤ ሕዝብ አደጋውንም ፍርዱንም ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 በኒውዚላንድ፣ በክራይስትቸርች ከተማ መስጊዶች ላይ በደረሰው ጥቃት 51 ሰዎች ሞቱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም ፈጽሞ እንደማይጠሩ፣ ሕዝቡም የሟቾቹን ስም እንዲጠራ በፓርላማ ተናገሩ። አምስት ታላላቅ የዜና ተቋማትም ችሎቱ የጥላቻ መስበኪያ መድረክ እንዳይሆን የጋራ የአዘጋገብ መመሪያ አወጡ። ዘገባው አልተቋረጠም፤ ለገዳዩ የሚሰጠው መድረክ ግን ጠበበ።

ነገ ጋዜጠኛ የምትሆኑ ልጆቼ፣ ርእሰ ዜና ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው በማግሥቱ የማንን ስም ያስታውሳል?