መሬቱን ማን ወደደ፣ ዕዳውን ማን ከፈለ

የገጠር ልብ ወለድ ሲባል ብዙ አንባቢ አስቀድሞ የሚታየው መልክዓ ምድሩ ነው፤ ጭጋግ የለበሰ ሸንተረር፣ በነፋስ የሚተኛ የገብስ ቡቃያ፣ ከሩቅ የሚሰማ የእረኛ ዋሽንት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሞልቷል፤ አብዛኛው የተጻፈው ግን ለከተማ ሰው ናፍቆት ነው። ገበሬው ራሱ ቡቃያውን ሲያይ ዋግ ይመታዋል ወይ፣ ግሪሳ ይወርድበታል ወይ፣ ወሰን የሚገፋው ጎረቤት ዘንድሮስ ምን አስቦ ይሆን እያለ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምናያቸው ልብ ወለዶች የዚህ ሰው መጻሕፍት ናቸው፤ መልክዓ ምድር አላቸው፣ ሙግቱ ግን ይበልጣል።

ወደ እነዚህ መጻሕፍት ሲገቡ አንድ ጥያቄ ይዞ መግባት ይበቃል፦ መሬቱን የሚወደው ሰው ለፍቅሩ ሲል ማንን ያስከፍላል? በሀገራችን በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ይባላል። ሁለቱ በአንድ ሐረግ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኩል ይመስላሉ። ደራሲዎቹ ግን ከባዱን ነገር አነሱ፤ ርስትና ሚስት፣ ርስትና ልጅ፣ ርስትና አባት በአንድ ጎጆ ውስጥ ሲጋጩ ማን ይሸነፋል? ባነበብኳቸው መጻሕፍት ርስት ሲሸነፍ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ከሁሉ ጨካኙን እናስቀድም። ፈረንሳዊው ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1887 «ምድር» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ ባለው ቦስ በተባለው የስንዴ ሜዳ ነው። ሽማግሌው ፉዋን ጉልበቱ ሲደክም 9 ሄክታር ተኩል ገደማ የሆነውን መሬቱን ለሦስት ልጆቹ ያከፋፍላል። ቀያሽ ይመጣል፣ ዕጣ ይወጣል፤ ልጆቹም አባትና እናታቸውን ሊጦሩ ቃል ይገባሉ። ከዚያ ዕለት ወዲያ ሽማግሌው ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት እናያለን። የሚሰጠው ገንዘብ በየጊዜው ይቀንሳል፣ ንግግሩ ይሻክራል፣ በእጁ የቀረችውን ጥሪት ሁሉም ያሸታታል።

ይህ የክፉ ልጆች ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳንጨርስ እንተወው ነበር። ከበስተጀርባው ሕግ አለ። ከናፖሊዮን እ.ኤ.አ. የ1804 የፍትሐ ብሔር ሕግ ወዲህ በፈረንሳይ ልጆች ውርስን በእኩል ይካፈላሉ፤ ስለዚህ አባት ሲያልፍ ማሳው ይቆራረጣል፣ የልጅ ልጅ ሲደርስ ደግሞ ቁራሹም ይቆራረጣል። ዞላ ገበሬዎቹን እንዲያ ስስታም ያደረጋቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ በየትውልዱ እየጠበበ የሚሄድ ማሳ ላይ የቆመ ሰው ወንድሙን እንደ ጠላት ቢያይ አይገርምም። ወንድም ሴትም ልጅ ርስት የሚካፈልበትን የጎጃምን ወይም የጎንደርን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ገጽ ሲያነብ እንግድነት አይሰማውም።

የመጽሐፉን ልብ የያዘችው ግን ፍራንስዋዝ ናት። እሷና እህቷ ሊዝ የአባታቸውን መሬት ይካፈላሉ። የሊዝ ባል ቡቶ፣ የፉዋን ታናሽ ልጅ፣ መሬቱንም ፍራንስዋዝንም ይፈልጋል። እሷ ዣን የተባለ ከሌላ አገር የመጣ የቀድሞ ወታደር አግብታ ትወጣለች፣ ድርሻዋንም ትወስዳለች። በመጨረሻ ሊዝና ቡቶ ማሳ ውስጥ ብቻዋን ያገኟታል፤ ቡቶ ይደፍራታል፣ ከዚያም ሊዝ ገፍትራ በማጭድ ላይ ትጥላታለች። ፍራንስዋዝ ወዲያው አትሞትም። ማን እንደጎዳት አትናገርም። መሬቱን ለባሏ የሚያወርስ ኑዛዜም አትሰጥም። ዣን ባሏ ነው፣ የፀነሰችው ልጅም አባት ነው፤ ነገር ግን ባዕድ ነው። መሬቱ ለገደለቻት እህቷ ይሄዳል። ዞላ ይህን ያለ ምንም ማብራሪያ ስለጻፈው አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ረጅም ጊዜ ያስባል። ሽማግሌው ፉዋንም ነገሩን ስላየ በልጁና በምራቱ እጅ ይሞታል።

መጽሐፉ ያስነሳው ጩኸት ቀላል አልነበረም። በዚያው ዓመት አምስት ወጣት ደራሲዎች በ«ለ ፊጋሮ» ጋዜጣ ላይ የተቃውሞ መግለጫ አወጡ። በእንግሊዝ ደግሞ ትርጉሙን ያሳተመው ሄንሪ ቪዘቴሊ እ.ኤ.አ. በ1888 ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጣ፣ በቀጣዩ ዓመትም ታሰረ። ዞላ አካባቢውን ያጠናው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለነበር ገበሬን አያውቅም ብለው የሚከሱት አሉ። ክሱ እውነት አለው፤ አንድ መንደር ሙሉ ያለ አንድ ደግ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ፍራንስዋዝን የሚያህል ገጸ ባሕርይ የሰጠን ሰው ሌላው ይቅር ይባልለታል።

ከዞላ ጭካኔ በኋላ የፐርል ባክ «መልካሚቱ ምድር» የምታረጋጋ ትመስላለች። እ.ኤ.አ. በ1931 ታትማ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘች፤ ደራሲዋም በ1938 የኖቤል ተሸላሚ ሆናለች። ባክ በቻይና ያደገች የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ልጅ ናት። የመጀመሪያ ባሏ የግብርና ኢኮኖሚ ባለሙያ ሆኖ በቻይና ገጠር የእርሻ ጥናት ያካሂድ ስለነበር እሷም በሰሜኑ ገጠር የገበሬውን ቤት በቅርብ አይታለች። የሚበላውን፣ የሚበደረውን፣ ለሠርግና ለቀብር የሚያወጣውን ታውቃለች፤ በመጽሐፉ ይታያል።

ዋንግ ሉንግ ድሃ ገበሬ ነው። ከሀብታም ቤት ባሪያ የነበረችውን ኦላንን ያገባል። ኦላን ዝም ያለች ሴት ናት፤ ወልዳ ሳትታረስ ወደ ማሳ ትመለሳለች። ድርቅ ሲመጣ ቤተሰቡ ሊያልቅ ይደርሳል፤ ዋንግ ሉንግ የቤቱን ዕቃ ይሸጣል እንጂ መሬቱን አልሸጥም ይላል፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ። በከተማው ግርግር ኦላን ከአንድ ባለጸጋ ቤት የተደበቀ ዕንቁና ጌጥ ታገኛለች፤ ዋንግ ሉንግ ባለ ሰፊ መሬት የሚሆነው በዚያ ነው። ኦላን ከዚያ ሁሉ ለራሷ እንዲያስቀርላት የጠየቀችው ሁለት ዕንቁ ብቻ ነበር። ባሏ ሀብት ሲሞላው ሎተስ ለተባለች ዕቁባት ሲል እነዚያን ዕንቁዎች መልሶ ይወስድባታል።

አንባቢ ብዙውን ጊዜ ይህን የባል ክህደት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከዚያ የከፋ ይመስለኛል። ዋንግ ሉንግ መሬቱን ሲያመሰግን ኖረ፤ መሬቱ የተገዛው በኦላን ዕንቁ፣ የታረሰውም በኦላን ወገብ መሆኑን ግን የሚያስታውሰው ሲመሽ ነው። ልጆቹም ይህን ትምህርት ከእሱ ወርሰዋል፤ በመጨረሻው ገጽ ሽማግሌው መሬቱን እንዳይሸጡ ሲማጸናቸው አይሸጥም እያሉ ይምሉለታል፣ ከአናቱ በላይም እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ ይላሉ።

የፖላንዱ ቭላዲስላቭ ሬይሞንት በዚህ ሁሉ ላይ ጊዜን ይጨምራል። «ገበሬዎቹ» የተሰኘው ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1909 በአራት ቅጽ ወጣ፤ ቅጾቹ መጸው፣ ክረምት፣ ጸደይ፣ በጋ ተብለው ተሰይመዋል። በ1924 ኖቤል ያስገኘለትም እሱ ነው። ሬይሞንት በባቡር መሥመር ሠራተኛነት ሊፕትሴ በተባለው መንደር አካባቢ ኖሯል፤ ታሪኩንም እዚያው አደረገው። ባቡር ላይ በደረሰ አደጋ ተጎድቶ ያገኘው ካሳ ለመጻፍ ፋታ ሰጥቶታል።

የመንደሩ ሀብታም ገበሬ ቦሪና ሚስቱ ሞታበት ወጣቷን ያግናን ያገባል፤ ለእሷም ስድስት ሞርግ፣ ማለትም ሦስት ሄክታር ተኩል የሚጠጋ መሬት በስሟ ያደርጋል። ትልቁ ልጁ አንቴክ ያግናን ይወዳታል፤ መሬቱንም ይወደዋል። አባትና ልጅ የተጣሉት በየትኛው እንደሆነ ሬይሞንት አይለይም፣ እነሱም የሚለዩት አይመስለኝም። ግን አንድ ቀን ባላባቱ መንደሩ መብት ያለበትን ደን ሲሸጥ ሁሉም መጥረቢያና ዱላ ይዞ ይወጣል። በግብግቡ የደን ጠባቂው ቦሪናን ይመታዋል፤ አንቴክ የአባቱን ደም አይቶ ጠባቂውን ይገድላል። እስከ ትናንት ሊገድለው የፈለገውን አባት ነው የተበቀለለት።

ቦሪና ራሱን ስቶ ለወራት ይተኛል። በጸደይ አንድ ሌሊት ይነሳና በሸሚዝ ብቻ ወደ ማሳው ይወጣል፤ አፈር እየዘገነ በሸሚዙ ይሞላና እንደ ዘር እየበተነ ይሄዳል፣ እዚያው ወድቆ ይሞታል። በገጠር ሥነ ጽሑፍ ካነበብኳቸው የሞት ትዕይንቶች ይህን የሚያክል አላውቅም። ሆኖም ሬይሞንት እዚያ ላይ አያበቃም። ቀጥሎ መንደሩ ለችግሩ ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ የሚያወጣው ያግናን ነው፤ በፍግ ጋሪ ጭኖ ከመንደር ያባርራታል። መሬቱ የቦሪናን ቤት አይለቅም፤ የሄደችው ሴቲቱ ናት።

የኖርዌዩን ክኑት ሃምሱንን በአጭሩ እናንሳ። «የአፈር ፍሬ» (እ.ኤ.አ. 1917) ባዶ ጫካ ገብቶ የሚያቀና ይሳቅ የሚባል ሰው ታሪክ ነው፤ በ1920 ኖቤል አስገኝቷል። ስለ ሥራ የተጻፈ ውብ መጽሐፍ ነው። ይሁንና ሃምሱን በ1943 የኖቤል ሜዳሊያውን ለናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ለጎብልስ ላከ። ናዚዎች ደምና አፈር በሚለው መፈክራቸው ገበሬን ያወድሱ ነበር። ሜዳሊያው መጽሐፉን ይሽረዋል አልልም፤ ግን አፈርን የሚያመልክ ጽሑፍ ሲያነቡ በዚያ አፈር ላይ መኖር ያልተፈቀደለት ማን ነው ብሎ መጠየቅ ከዚያ ወዲህ ግዴታ ሆኗል።

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሳው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። «አታልቅስ፣ ልጅ» (እ.ኤ.አ. 1964) ውስጥ ንጎቶ የቀድሞ አባቶቹ በነበረው መሬት ላይ ሃውላንድስ ለተባለ እንግሊዛዊ ሰፋሪ ይሠራል። ንጎቶ ማሳውን የሚንከባከበው አንድ ቀን ይመለስልናል ብሎ ነው። ሃውላንድስም መሬቱን ከልቡ ይወዳል፤ ሁለቱ አብረው ማሳውን ሲዞሩ ንጉጊ ለፈረንጁ ፍቅር አይነፍገውም። ደራሲው ሰፋሪውን ግድ የለሽ ዘራፊ ቢያደርገው መጽሐፉ ቀላል ይሆን ነበር። ሁለት እውነተኛ ፍቅሮች በአንድ ማሳ ላይ ቆመው አንዱ የሕግ ወረቀትና ጠመንጃ ያለው መሆኑ ነው ታሪኩን የሚያከብደው። የግብጹ አብዱረህማን አሽሸርቃዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው «ምድር» ውስጥ ደግሞ ጠቡ ውኃ ላይ ነው፤ የመስኖ ተራቸው በግማሽ የተቀነሰባቸው ገበሬዎች ከባለሥልጣን ጋር ይጋጫሉ። ዩሱፍ ሻሂን በፊልም ሠርቶታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የገበሬ አገር ልብ ወለድ ነው፤ በዛብህ የጎጃም ገበሬ ልጅ ነው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ከደንቡ ውጭ ግብር ሲጠይቁ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች አሻፈረኝ ብለው ይዋጓቸዋል፣ ይማርኳቸዋልም። ብዙው ሰው ታሪኩን ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ስለሆነ የሚያስታውሰው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ነው። የገበሬዎቹን ምዕራፎች ግን ተመልሰው ያንብቡ። ቦሪና ወይም ፉዋን እዚያ የሉም። ፊታውራሪ የሚወዱት መሬቱን አይደለም፤ ክብራቸውንና የሚገባላቸውን ግብር ነው። ምክንያቱ ሥርዓቱ ነው፦ ርስት የአራሹ የዘር ይዞታ ሲሆን ጉልት ከዚያው መሬት ግብር የመቀበል መብት ነው። ጉልተኛ አፈሩን ሳይነካ ይበላል። ሐዲስም ታሪኩን በአብዛኛው የተረኩት ከጌታው አዳራሽ ሆነው ነው፤ ከማሳ ሆኖ የተተረከ የእኛ ገበሬ ልብ ወለድ ከዚያ በኋላም ብዙ አልተጻፈም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» (እ.ኤ.አ. 1969) የጉራጌ መንደር ጎጆ ስለተቃጠለበት ሰው ሲሰበሰብ እያሳየ ወደዚያ ከቀረቡት አንዱ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ጉልተኛውንም ባለ ርስቱንም ጨርሶ አነሳ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬትም እንዳይሸጥ ከለከለ። የአሁኑ ሕገ መንግሥትም ሽያጩን አልፈቀደም። ስለዚህ የዋንግ ሉንግ ልጆች ፈገግታ በእኛ ገበሬ ቤት በሕግ ቦታ የለውም። የፉዋን ታሪክ ግን አለ። ሽማግሌ አባት መሬቱን ለሚጦረው ልጅ በስጦታ ያስተላልፋል፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ስም ይለወጣል፣ ሌሎቹ ልጆች ወረዳ ፍርድ ቤት ይከሳሉ፣ ጧሪ የተባለውም መጦሩን ይተዋል። የክስ መዝገቡ በየችሎቱ ይገኛል፤ ልብ ወለዱን የሚጽፈው ሰው ነው የጠፋው።

ለጀማሪ አንባቢ ከባክ መጀመር ይቀላል፤ ንጉጊ አጭር ስለሆነ በሁለተኛነት ይከተል። ሬይሞንት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አራቱን ቅጽ ለመጨረስ አንድ ክረምት ቢወስድ ተገቢ ነው። ዞላን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ከወንድምና እህት ጋር ውርስ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ ክፍፍሉ እስኪያልቅ ባያነበው ይሻላል።