የሰፈራችሁን የእግር መንገድ ልትጠግኑ ነው? ጫማችሁን እንይ!



ክረምት ሲገባ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባለው ሌሞ ወረዳ ወጣቶች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ይወጣሉ። ጎርፍ የቦረቦረውን የእግር መንገድ ይደለድላሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ዳር ዳሩን ችግኝ ይተክላሉ። ጎረቤታችን ከምባታም 777 ደረጃ ያለው የአምበሪቾ ተራራ መወጣጫ አለው። በጣም ደስ ይላል! እኔ ግን ፎቶዎቹን ሳይ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው እግር ላይ ነው። አንዱ ባዶ እግሩን፣ ሌላው በነጠላ ጫማ ቀይ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

ታዲያ ጭቃው ምን አለበት? የእኛ ደጋ አካባቢ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ ማዕድናት ለዓመታት ባዶ እግሩን በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። በውስጥ ያሉትን ፈሳሽ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች (ሊምፍ) ያስቆጣሉ፣ ቀስ በቀስም ይዘጓቸዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል። ይህ ነው የእግር ዝሆኔ፤ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ።

እርግማን አይደለም። ትንኝ አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው በፍጹም አይተላለፍም! በዘር የተጋላጭነት ነገር ስላለ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ሰዎች "ይጋባል" የሚሉትም ከዚህ ተነስተው ይመስለኛል። በዚህ የተነሳ ስንቱ ከትዳርና ከትምህርት ቀርቷል።

ችግሩ ደግሞ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት በሽታው በ345 ወረዳዎች እንዳለ አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ15 በላይ ከሆኑት ከተመረመሩ 100 ሰዎች 4ቱ ነበረባቸው፤ በያኔው ደቡብ ክልል ግን ከ8 በላይ።

አሁን አትደንግጡ። የአንድ ቅዳሜ ጭቃ ዝሆኔ አያመጣባችሁም፤ ዓመታት ይፈጃል። እኔን የሚያሳስበኝ አብሯችሁ የሚቆፍረው ገበሬና በዚያው መንገድ በየቀኑ ባዶ እግሩን ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ለችግኝ ስታዋጡ ለጫማም አዋጡ። በእኔ እምነት ሁለቱ እኩል ናቸው።

የምን ጫማ? ድፍን የሆነ፣ ከካልሲ ጋር። በረባሶና ነጠላ ጫማ ጭቃ ያስገባል። ኮንጎ ጫማ ከምንም ይሻላል፣ ግን ጭቃ ከገባበት አውልቆ ማጠብ ያስፈልጋል። ከአካፋና ከዶማው ጋር አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና ያዙ፤ ሥራ ሲያልቅ ሁሉም በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ይታጠብ፣ ያድርቅ።

አንድ ሌላ ነገር። ሚስማር፣ ጠርሙስ ወይም እሾህ ከወጋችሁ "ትንሽ ናት" ብላችሁ አትተዉት። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ክትባት ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

የእግራችሁ የላይኛው ክፍል ወይም የጣቶቻችሁ መሃል በተደጋጋሚ የሚያሳክክ፣ ማታ ማታ የሚያቃጥል፣ ጠዋት ጎድሎ ማታ የሚያብጥ ከሆነ አሁኑኑ ታዩ። በጊዜ ከተደረሰበት እብጠቱ ይቀንሳል። ሕክምናውም ውድ አይደለም፦ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ስትቀመጡ እግር ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። እግሩ ድንገት ግሎ፣ ቀልቶ ትኩሳት ካመጣ ግን ቤት አትቆዩ።

የሰፈራችሁ በጎ ፈቃደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ካላቸው ከቅዳሜ በፊት ላኩላቸው 🙏