ኤሊዎቹና የይሁዳ ፍየሎች

ጋላፓጎስ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ስብስብ ነው። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር አብሮ ገብቷል። ደሴቶቹ ከባሕር ወለል የበቀሉ እንጂ ከየብስ የተገነጠሉ ስላልሆኑ፣ ከሰው በፊት እዚያ የደረሰ እንስሳ ሁሉ ወይ በርሮ ወይ ዋኝቶ ወይ ማዕበል ገፍቶት የመጣ ነው። ግዙፎቹ ኤሊዎችም እንዲሁ።

ጎብኚ እነሱን በዱር ለማየት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ወደ ሳንታ ክሩዝ ደሴት ደጋ ነው። ሣሩ ውስጥ ቋጥኝ የመሰለው ነገር ድንገት አንገት ያወጣል። ትልልቆቹ ወንዶች ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ዕድሜያቸውም ከመቶ ዓመት ያልፋል። ሲቀርቧቸው «እስስ» ቢሉ ቁጣ አይደለም፤ አንገታቸውን ሲሰበስቡ ከሳንባቸው የሚወጣ አየር ነው። ለማንኛውም ደንቡ ሁለት ሜትር መራቅ ነው። የእርጥብ ደጋዎቹ ኤሊዎች ቅርፊታቸው ጉልላት ነው፤ በደረቅ ደሴቶች ያሉት ግን የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ የተቀለበሰ በመሆኑ አንገታቸውን እስከ በለስ ቁልቋሉ ድረስ ማንጠራራት ይችላሉ። በ1835 የደሴቶቹ ምክትል ገዥ ኤሊ አይቶ የየትኛው ደሴት እንደሆነ መለየት እንደሚችል ለዳርዊን ነግሮት ነበር። ዳርዊን ያኔ ብዙም ልብ አላለውም፤ የተሳፈረበት መርከብ ሰዎችም ኤሊዎቹን ስንቅ አድርገው በሏቸው።

ኤሊው ያለ ምግብና ውሃ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ይኸው ጽናቱ መዘዝ ሆነበት፤ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ከነሕይወቱ መርከብ ውስጥ ከምረው የማይበላሽ ሥጋ አደረጉት። ከእነሱ ሌላ ከባድ ጉዳት ያደረሰው ሰው አምጥቶ የለቀቀው ፍየል ነው። ኢዛቤላ ደሴት ላይ አልሴዶ በተባለው እሳተ ገሞራ ጭጋጉን ጠልፎ ለኤሊዎቹ ኩሬ ውሃ የሚያንጠባጥበው ዛፍ ነበር። ፍየሎቹ ዛፉን ሲጨርሱ ጥላውም ውሃውም አብሮ ሄደ። እስከ 2006 በዘለቀ ዘመቻ፣ ከሄሊኮፕተር ጭምር እየተተኮሰ፣ ከ100,000 በላይ ፍየል ተገደለ። አስቸጋሪዎቹ ተደብቀው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ፍየል ብቸኝነት አይወድምና፣ አንዷን ይዘው አንገቷ ላይ የሬዲዮ ማሰራጫ አስረው ይለቋታል፤ ጓደኞቿን ፈልጋ ታገኛለች፤ ተኳሾቹ ይደርሳሉ፤ እሷን ብቻ ትተው ሌሎቹን ይገድላሉ፤ እሷም እንደገና ፍለጋ ትወጣለች። የይሁዳ ፍየል የሚሏት ለዚህ ነው። ዘዴው ጭካኔ አለው፤ የተሻለ አማራጭ ግን አይታየኝም።

እስፓኞላ ደሴት ላይ የቀሩት ኤሊዎች 14 ብቻ ነበሩ፤ ተሰብስበው እንዲራቡ ተደርጎ ዛሬ ዘራቸው በሺዎች ይቆጠራል። የፒንታ ደሴት ዘር ግን አልዳነም። የመጨረሻው የታወቀው ኤሊ ጆርጅ በ2012 ያለ ልጅ ሞተ።

አሁን ለአብዛኛው አዋቂ የውጭ ጎብኚ መግቢያው 200 ዶላር ነው፤ በአብዛኛው የብሔራዊ ፓርኩ ክፍልም ያለ አስጎብኚ መንቀሳቀስ አይቻልም። አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ሻንጣው ይፈተሻል፤ ዘር ወይም ለምለም ተክል ከተገኘበት እዚያው ይቀራል።