ልጃችሁ ስለ ማግኔትና ኤሌክትሪክ ስትማር

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ልጃችሁ ማታ ደብተሯን ዘርግታ «ኢንዳክሽን» የሚል ቃል ደጋግማ ስታጠና ሰምታችሁ ይሆናል። ከሥራ ደክማችሁ ስለምትገቡ፣ በዚያም ላይ የቤቱ ጣጣ ስለሚጠብቃችሁ፣ «ይኼስ የእኔ ዕውቀት አይደለም» ብላችሁ ታልፉት ይሆናል። ይሁን እንጂ ልጅቷ ያልገባትን በቃል ሸምድዳ በፈተና ስትወድቅ፣ «ድሮስ ፊዚክስ የወንድ ትምህርት ነው» የሚላት አይጠፋም። እሷም አምና ትቀበላለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

መነሻው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1820 ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ያለ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር ተመለከተ። ኤሌክትሪክ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል ማለት ነው። ታዲያ ማግኔትስ በተራው ኤሌክትሪክ ሊፈጥር አይችልምን? ለዚህ ጥያቄ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 መልስ አገኘ። ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምንም አይፈጠርም። ማግኔቱ ሲገባና ሲወጣ ግን ጫፍና ጫፉ በተገናኘው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ኢንዳክሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ብርቱ ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል፤ ኤሌክትሪክ ይገኛልን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የማግኔቱን ብርታት ብቻ አይቶ «አዎን» ይላል። ትክክለኛው መልስ «አይገኝም» ነው፤ ወሳኙ ነገር ለውጥ ነውና።

በዓይን የሚታይ ማስረጃ

በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ዳይናሞ ያለው ብስክሌት ቢገኝ፣ ልጃችሁ ጎማውን አሽከርክራ ትመልከት። ጎማው ሲዞር መብራቱ ይበራል፣ ሲፈጥን ይደምቃል፣ ሲቆም ይጠፋል። በዳይናሞው ውስጥ ያለው ዋና ነገር ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው። መብራቱ በሚበራበት ጊዜ ፔዳሉ ከበድ እንደሚልም ልብ ትበል። በመጽሐፏ ውስጥ «የሌንዝ ሕግ» ተብሎ የተጻፈው፣ በቀመሩም ላይ በመቀነስ ምልክት የሚታየው ይህ ነው፤ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የፈጠረውን ለውጥ ይቃወማል። ብርሃኑ በነጻ አልተገኘም፤ ዋጋው የእግር ጉልበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ የኃይል ማመንጫም ሆነ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። በእግር ፈንታ ጄኔሬተሩን የሚያዞረው ውኃ ነው።

በማዕድ ቤትም ምሳሌ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለው፣ ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ስለሚግል ነው፤ ይህ ኢንዳክሽን አይደለም። በዛሬው ጊዜ በየሱቁ የሚታየው የኢንዳክሽን ምድጃ ግን ከመስተዋቱ ሥር ጥቅል ሽቦ አለው። በሽቦው ውስጥ በፍጥነት የሚለዋወጠው ኤሌክትሪክ፣ በድስቱ መቀመጫ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ፈጥሮ ድስቱን ራሱን ያግለዋል። ስለዚህ የሸክላ ጀበናና ተራ የአሉሚኒየም ድስት አይሠሩበትም። ድስት ከመግዛታችሁ በፊት መቀመጫውን በማግኔት ሞክሩት፤ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ልጆች ሙከራ የሚሠሩት በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

የእናት ድርሻ

ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በቂ ትምህርት ቤት ስላልገባ፣ ገና በልጅነቱ በመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ወደ ሳይንስ ከሳቡት መጻሕፍት አንዱን የጻፈችው ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ነች። መጽሐፉ አንዲት አስተማሪ ለሁለት ልጃገረዶች ኬሚስትሪን በጭውውት ስታስረዳ የሚያሳይ ነው። እንግዲህ ለሴቶች ልጆች ተብሎ የተጻፈው ትምህርት፣ ኢንዳክሽንን ያገኘውን ሰው አስተማረ። ታዲያ ይህ ዕውቀት የወንድ ብቻ ነው የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

እናንተ ፊዚክስ ባትማሩም ልትረዱ ትችላላችሁ። አንደኛ፣ ልጃችሁ የተማረችውን በአማርኛ እንድታስረዳችሁ ጠይቋት፤ ሽንኩርት እየከተፋችሁም ማዳመጥ ይቻላል። ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሏት፤ እንደገና ስታስረዳ የጎደላትን ራሷ ታገኘዋለች። ሁለተኛ፣ ዕቃ ማጠቡንና ቤት መጥረጉን ለወንድሟም አካፍሉ። እሱ ሲያጠና እሷ ጓዳ የምትውል ከሆነ፣ በውጤት ብትበለጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዝቅተኛ ውጤት ስታመጣ ከመቆጣት ይልቅ የተሳሳተችውን ጥያቄ አብራችሁ እዩ።

ማግኔቱ ካልተንቀሳቀሰ ኤሌክትሪክ እንደማይገኝ ሁሉ፣ ጊዜና ማበረታቻ ያላገኘች ልጅም ችሎታዋ ተዳፍኖ ይቀራል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» በሏት፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው አዳምጧት።