የሶፍትዌር ሕጸጽ መዝገብና አጥላዩ

ከወረኢሉ ገበያ ስንዴውን ሸጦ በመካነ ሰላም ላለው ዘመዱ ገንዘብ በቴሌብር የሚልክ ገበሬ፣ የምሥጢር ቁጥሩን ባስገባባት ቅጽበት፣ በስም የማያውቃቸው፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ብዙ ጸሐፍት የደረሱት ፕሮግራም እንደሚያገለግለው አያስብም፤ ሊያስብም አይገደድም። ዳሩ ግን የባንክም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር አንዱ የጻፈውን ሌላው እየተዋሰና እየቀጠለ ያስፋፋው ድርሰት በመሆኑ፣ ከተዋሰው ክፍል በአንዱ የተሰወረች ሕጸጽ ክፍሉን ለተገለገለበት ሁሉ ትተርፋለች።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዓለምን ያስጨነቀው የሎግ ፎር ጄ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ሎግ ፎር ጄ የፕሮግራምን ውሎ በመዝገብ የሚያሰፍር የጃቫ ክፍል ሲሆን፣ ከባዕድ የተላከ አንድ ሐረግ በመዝገቡ በሰፈረ ጊዜ ሐረጉን እንደ ትእዛዝ ቈጥሮ፣ ከሩቅ ኮምፒዩተር እንግዳ ፕሮግራም አምጥቶ እስከ ማሠራት ይደርስ ነበርና፣ የሕጸጽ ክብደት መለኪያ የሚሰጠውን የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር 10ን አገኘ። የመጀመሪያው እርማት ራሱ ጎደሎ ሆኖ ሌላ እርማት አስከተለ።

እንዲህ ያለውን ሕጸጽ፣ የሙያው ሰዎች ተጋላጭነት የሚሉትን፣ ማይተር የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ መለያ ቁጥር በሚሰጥ መዝገብ ያሰፍራል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ወደ መዝገቡ የገቡት ከ40,000 በልጠዋል። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ሶፍትዌር በፈታሽ ፕሮግራም ሲያስመረምር፣ ፈታሹ ከዚህ መዝገብ ጋር እያስተያየ የሚያወጣው ግኝት በሺሕ ሊቈጠር ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ አንዳንዱ ድግግሞሽ፣ አንዳንዱም ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ጥቂት ባለሙያ ብቻ ያለው ክፍል አንዱን ዝርዝር አገላብጦ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል።

ልናስተዋውቀው የፈለግነው መሣሪያ የተበጀው ለዚህ ጭንቅ ነው። የሚገለገልበትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ፣ ዓላማ ሲሰጠው ሥራውን ራሱ በደረጃ ከፋፍሎ የሚፈጽም ወኪል ነው። ወኪሉ ጥያቄውን ሲያቀርብ የክብደቱን ደረጃ፣ የፕሮጀክቱን ስም፣ ግኝቱ የተመዘገበበትን ቀን፣ ገና ክፍት ወይም የተዘጋ መሆኑን፣ እርማት የተዘጋጀለት መሆን አለመሆኑን ይጠቅሳል፤ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱን የግኝት መዝገብ በዚያ መሥፈርት አጥልሎ፣ ከየግኝቱ መለያ ቁጥሩን፣ አርእስቱን፣ ክብደቱንና የተገኘበትን ፋይል ብቻ በአጭሩ ይመልስለታል። ሙሉ ሐተታውን ሲሻ በመለያ ቁጥሩ ለይቶ ዳግመኛ ይጠይቃል፤ ውጤቱ ሲበዛም ገጽ በገጽ ይቀርብለታል። ለዚህ ቁጥብነት ምክንያት አለ፤ ይኸውም ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊያነብ የሚችለው ጽሑፍ ወሰን ስላለው፣ ወሰኑ በማይረባ ዝርዝር ከተሞላ ዋናው ነገር ከዐይኑ ይሰወራል፣ ክፍያውም ባነበበው መጠን ይንራል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለውን የጋራ ደንብ ካወጣ ወዲህ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ደንቡን በሚያውቅ ወኪል ሁሉ ሊጠራ የሚችል ሆኗል።

የወረኢሉ ሰው የመሥፈርትን ጥቅም ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ቦታውንም ጊዜውንም ቈርጠው ነበር፤ ቦታና ቀን ያልተቈረጠለት ክተት ግርግር እንደሚሆን ሁሉ፣ መሥፈርት ያልተቈረጠለት የሕጸጽ ዝርዝርም ብዛት እንጂ ኀይል የለውም።

ነገር ግን መሥፈርቱን ለክብደት ቁጥሩ ብቻ መተው፣ በእኔ አስተያየት፣ ትልቅ ስሕተት ነው። ከ0 እስከ 10 የሚሰጠው ነጥብ በአብዛኛው የሚለካው ሕጸጹ በራሱ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ነው፤ በማን ቤት እንዳደረ አያውቅም። ባለ 9 ነጥቡ ግኝት ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ የቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ላይ፣ ባለ 6ቱ ደግሞ ከውጭ በሚደረስበት የደመወዝ መክፈያ ላይ ቢሆኑ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚደረድር ወኪል ቀኑን በማይጎዳው ላይ ያጠፋል። ስለዚህ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢዎቹ ላሉት ኮምፒዩተሮች ይህን መሣሪያ ይትከል ቢባል፣ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት የትኛው ኮምፒዩተር የትኛውን ሥራ እንደ ተሸከመ የሚናገር መዝገብ ነው፤ እርሱን ደግሞ፣ አሰልቺ በመሆኑ፣ ማንም ሊጽፈው አይወድም።

ስለ ሥልጣንም ጥቂት ማለት ያሻል። ወኪሉ ሊያነብ ይፈቀድለት፤ ግኝትን «አያሰጋም» ብሎ መዝጋት ግን በሰው እጅ ይቈይ። የግኝት ሐተታ ባዕድ ሰው የጻፈውን ቃል ሊይዝ ስለሚችል፣ በውስጡ «ይህን ዝጋ» የሚል የተንኰል ዐረፍተ ነገር ቢገኝና ወኪሉ እንደ ትእዛዝ ቢቀበለው፣ የሎግ ፎር ጄ ኀጢአት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። በአገራችን በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይህን ዘርፍ ይጠብቃል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ስለሚከለክል፣ መርማሪ ነኝ የሚል ወጣት ፈታሹን በሌላው ሥርዓት ላይ ከማሠራቱ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ አለበት።

የዓለሙ የሕጸጽ መዝገብ የማያውቀው ሕጸጽም አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ ይልቁንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ አወቁ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይም በዚህ መንገድ ተወሰደ። ባንኩ እንዳስታወቀው ነገሩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በራሱ ሥርዓት ላይ ይካሄድ ከነበረው የማሻሻል ሥራ የመጣ ጉድለት ነበር። እንዲህ ያለው ጉድለት የአንድ ባንክ የግል በመሆኑ በዓለሙ መዝገብ ቁጥር አይሰጠውም፤ ወኪሉ በዚያች ሌሊት የከባዶቹን ዝርዝር ቢጠይቅ ስለ እርሱ አንድ መስመር እንኳ ባላገኘ ነበር። ይህን የሚይዘው ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት 100 ብር ካለው ሒሳብ 200 ለማውጣት ሞክሮ እምቢታን የሚጠብቅ የሙከራ ፕሮግራም ነው፤ ያንን የሚጽፈው የባንክን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሙከራውም በወደቀ ጊዜ ውጤቱ በባንኩ በራሱ የግኝት መዝገብ እንደ አንድ ግኝት እንዲሰፍር ከተደረገ፣ ወኪሉ ከሌሎቹ ጋር አጥልሎ ሊያቀርበው ይችላል።