ተጨማሪ መረጃ፦ የውሃ ጥራትና የብረት ማዕድን

በክረምት ጉማራና ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከደጋው ያጠቡትን አፈር ወደ ጣና ሲያወርዱ የሐይቁ ውሃ መደፍረሱ ለማንም ዐይን ግልጽ ነው፤ ድፍርስነቱም ጀርሞችን ከክሎሪን ኃይል ይጋርዳል።

የከርሰ ምድር ውሃ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። በባሕር ዳር ዙሪያ እንዳለው ባለ ጥቁር ባዝልት ዐለት ውስጥ የሚገኘው ብረት፣ አየር በማይደርስበት ጥልቀት ሟሙቶ ሲኖር ኅብር የለውምና፣ ብረት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እንኳ በተቀዳበት ቅጽበት ጽሩይ ሆኖ ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶ ኦክስጅን ሲያገኘው ግን ረቂቁ ብረት ግዙፍ ይሆንና፣ ቀይ ቡናማ አተላ ከዕቃው ሥር ይዘቅጣል፣ ነጭ ነጠላ ይበልዛል፣ ሻይም ይጠቁራል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ብረቱ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲበልጥ ልብስንና የቧንቧ ዕቃን ያበላሻል እንጂ በዚህ መጠን ለጤና የሚያሰጋ አይደለም፤ ስለዚህ በቀለሙ ተጸይፎ ወደ ድፍርሱ ወንዝ የሚመለስ ሰው፣ ከትንሹ ነውር ሸሽቶ በትልቁ አደጋ መውደቁ እጅግ ያሳዝናል። ውሃውን እያፏፏቱ አየር ማስገባትና በአሸዋ ማጣራት ብረቱን ያስቀራል። አሸዋው ግን ጀርሙን ሁሉ አይዝምና፣ ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ ክሎሪን ይጨመርበት ወይም ይፍላ።