የነጋዴው የቤት ኮምፒዩተርና የሒሳብ መዝገቡ ጥበቃ

ቀድሞ የነጋዴ የሒሳብ መዝገብ የሚቀመጠው በሱቁ መሳቢያ ወይም በካዝና ውስጥ ነበር፤ ቍልፉም ከባለቤቱና ከታመነው ጸሓፊው እጅ አይወጣም ነበር። ዛሬ ግን የብዙ ነጋዴዎች የሽያጭ ሒሳብ፣ የዱቤ ዝርዝር፣ የግብር ሰነድ፣ እንዲሁም ከውጭ አገር አቅራቢዎች ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ሁሉ ተጠቃልሎ የሚገኘው በአንድ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። በዚሁ ኮምፒዩተር ደግሞ ማታ ማታ ልጆች ይማሩበታል፣ ይጫወቱበታል፤ እንግዳም ፍላሹን ሰክቶ ፎቶግራፍ ይገለብጥበታል። ከዚህም የተነሣ ለካዝናው ይደረግ የነበረው ጥንቃቄ ለኮምፒዩተሩ ሳይደረግለት ይቀራል፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው መዝገቡ አልከፈት ካለ በኋላ ነው።

በተለምዶ «ቫይረስ» እየተባለ የሚጠራው ተንኰለኛ ፕሮግራም አዲስ ነገር አይደለም። በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1986) በፓኪስታን በላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት «ብሬይን» የተባለው ቫይረስ በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባሕር ተሻግሯል። የሠሪዎቹም ስምና አድራሻ በውስጡ ተጽፎ ይገኝ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ስማቸውን ይሰውራሉ፤ የብዙዎቹም ዓላማ ገንዘብ ነው። አንዱ ዓይነት ፋይሎችን ቈልፎ መክፈቻውን በገንዘብ ይሸጣል፤ ሌላው ድምፁን አጥፍቶ የይለፍ ቃል ይሰርቃል።

በ2009 ዓ.ም. በተከታታይ የደረሱት ሁለት አደጋዎች ለንግድ ሰዎች ትልቅ ትምህርት የሰጡ ናቸው። ግንቦት 4 ቀን (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017) የተነሣው «ዋናክራይ» ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ፋይል እየቈለፈ በቢትኮይን የሚከፈል 300 ዶላር ይጠይቅ ጀመር። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን እድሳት ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን አውጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ከተጐዱት ብዙዎቹ ሁለት ወር ያህል ሳያስገቡት ቈይተው ነበር።

ሰኔ 20 ቀን ደግሞ «ኖትፔትያ» የተባለው ከዩክሬን ተነሣ። የተሠራጨውም በዚያች አገር ያሉ ድርጅቶች ለሒሳብና ለግብር ሥራ በሚጠቀሙበት ፕሮግራም እድሳት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። በዓለም ከታወቁት የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የዴንማርኩ ሜርስክ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን በዐሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ለማዘጋጀት ተገደደ፤ ኪሳራውም እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። የኩባንያውን መረብ የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች በየአገሩ ሲጠፉ አንድ ደኅና ቅጂ የተገኘው በጋና ቢሮ ነበር። እርሱም ሊድን የቻለው አደጋው በደረሰበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተለያይቶ ስለ ነበረ ነው። መብራት መጥፋቱ ለነጋዴ የጠቀመበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

ከሁለቱ አደጋዎች የሚገኘው ትምህርት አንዱ ሌላውን የሚያሟላ ነው። እድሳትን በጊዜው ማስገባት ከብዙ አደጋ ያድናል፤ እድሳት ያላዳነውን ግን የሚያድነው ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

ቫይረስ ወደ ቤት ኮምፒዩተር የሚገባባቸው በሮች ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ቤት የሚዞረው ፍላሽ ነው። ሁለተኛው ዋጋው እንዳይከፈል ተብሎ «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም ነው፤ ይህን የሚጭን ሰው አስቀድሞ ጸረ ቫይረሱን እንዲያጠፋ ይነገረዋልና በሩን ራሱ ከፍቶ ሌባ ያስገባል። ሦስተኛው ኢንቮይስ ወይም የባንክ ማስታወቂያ መስሎ በኢሜይል የሚመጣ ፋይል ነው።

የበሽታው ምልክቶችም የታወቁ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ያለ ምክንያት ይዘገያል፤ ያልተጫነ ፕሮግራም ይታያል፤ ጸረ ቫይረሱ በገዛ እጁ ይጠፋል፤ ወዳጆችም ባለቤቱ ያልላከው መልእክት ደረሰን ይላሉ። ይሁን እንጂ የይለፍ ቃል የሚሰርቀው ዓይነት ምንም ምልክት ላያሳይ ስለሚችል፣ ምልክት ባይታይም በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል።

ምርመራውን ለማድረግ የግድ ገንዘብ ማውጣት አያሻም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የተባለው ጸረ ቫይረስ አብሮ ይገኛል። በመጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን ማደስ፣ ቀጥሎም ፈጣኑን ሳይሆን «ፉል ስካን» የተባለውን ሙሉ ምርመራ ማዘዝ ይገባል፤ ይህ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ቢደረግ ይመረጣል። ከዚያም «ኦፍላይን ስካን» የተባለው ይከተላል። ይህኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ካስነሣ በኋላ ዊንዶውስ ሥራውን ሳይጀምር የሚመረምር ሲሆን 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ጥቅሙም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ እየተነሣ ራሱን የሚሸሽገውን ቫይረስ ገና ሳይነቃ መያዙ ነው። ሁለት ጸረ ቫይረሶችን ባንድ ጊዜ በዘበኝነት ማቆም ግን እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ አይመከርም።

ፍላሽ ተከፍቶ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ቢታዩ፣ ሰነዱ ጠፋ ብሎ መደንገጥም ሆነ ምልክቱን መጫን አይገባም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ሸሽጎ በቦታቸው ራሱን የሚያስነሣ ምልክት አስቀምጧልና፣ መጫኑ በሽታውን ወደ ኮምፒዩተሩ ያዛምታል። አስቀድሞ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ ማጽዳት፣ ቀጥሎ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜም ሰነዱ በሙሉ ደኅና ሆኖ ይገኛል።

ፋይሎች አንድ ባንድ እየተቈለፉ መሆናቸው ከታወቀ ግን ከምርመራው በፊት የኢንተርኔቱን ገመድና ዋይፋዩን፣ የተሰካም ዲስክ ቢኖር እርሱን ወዲያው ማለያየት ያስፈልጋል። ገንዘብ መክፈል ፋይሉን ለመመለስ ዋስትና አይሆንም። በ2008 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች ጋር የመሠረቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው ድርጅት ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች መክፈቻውን በነጻ ያቀርባል።

የተወገደው ቫይረስ ተመልሶ ከመጣ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የተሻለ ነው። በዚህ ጊዜ ሰነዶች ብቻ እንጂ ፕሮግራሞች መገልበጥ የለባቸውም፤ ጠጋኙም ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ከጫነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛው የጸጥታ እድሳት የተቋረጠበት ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 መሻገር ይገባል።

ጽዳቱ ሲያበቃ ሥራው አላለቀም። የተሰረቀ የይለፍ ቃል በጽዳት አይመለስምና፣ ከኢሜይሉ ጀምሮ የባንኩንም ጭምር ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር መለወጥ፣ ለባንኩም ማስታወቅ ያስፈልጋል። በተለይ አስመጪዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የኢሜይልን ቁልፍ የሰረቀ ሰው የደብዳቤውን ልውውጥ በዝምታ ካነበበ በኋላ፣ ክፍያው ሲቃረብ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ በአቅራቢው ስም ይጽፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ ቀድሞ በሚያውቀው የስልክ ቍጥር አቅራቢውን ሳያነጋግር አንድ ዶላር እንኳ ማስተላለፍ የለበትም። በኢትዮጵያ ይህን የመሰለው ድርጊት በኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለ ሆነ፣ የተጐዳው ሰው ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቅጂ ነው። ሁለት ሃርድ ዲስኮች ገዝቶ በየሳምንቱ እያፈራረቁ መዝገቡን መገልበጥ፣ ሲያበቃም ነቅሎ አንዱን በቤት፣ ሌላውን በሱቅ ማኖር ለማንኛውም ነጋዴ የሚቻል ነው። ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይቈለፋልና እንደ ቅጂ አይቈጠርም። የተገለበጠውም በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን አልፎ አልፎ መመልከት ይገባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መዝገቡ ከጠፋ በኋላ የሚገዛ ዲስክ ዋጋው ያው ሆኖ ሳለ የጠፋውን የዱቤ ዝርዝር አይመልስም።